ስሟ የዘገየ የእሳት እራት

ካናያ ትንሽ ጣቢያ ናት። ከቶኪዮ የተነሣ መንገደኛ ሺዙኦካ ከተማ ድረስ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ይመጣና እዚያ ወርዶ በየመንደሩ የሚቆመውን ባቡር ይይዛል። ባቡሩ ሰፊውን የኦኢ ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ካናያ ያደርሰዋል። ከጣቢያው ባሻገር በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ መንገድ በዛፎች መካከል ሽቅብ ይወጣል። ከኪዮቶ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ መኳንንትና ነጋዴ ይመላለስበት የነበረው የቶካይዶ መንገድ አንድ ቁራጭ ነው። ካናያም በዚያ መንገድ ላይ ከነበሩት 53 የእንግዳ ማረፊያ ከተሞች አንዷ ነበረች። የሰኔ መጨረሻ በጃፓን የዝናብ ወቅት ነው፤ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ብሏል። ይዞኝ የሄደው፣ ግብርና ለማጥናት ጃፓን የመጣ የአገሬ ልጅ፣ በየጊዜው እየዞረ «ጋሼ፣ ዳር ዳሩን ይያዙ» ይለኛል። እኔም ዳር ዳሩን ይዤ ወጣሁ።

የምንሄደው አንዲት የእሳት እራት ለማየት ነበር። ሌላው ሰው ወደ ሺዙኦካ የሚመጣው ለፉጂ ተራራ ነው። ፉጂ ያን ቀን ከነወገቡ ደመና ውስጥ ስለነበረ የቀረብኝ ነገር የለም።

ዳገቱ ሲያልቅ ማኪኖሃራ ይጀምራል። ደልዳላ አምባ ነው፤ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሻይ ተተክሎበታል። የየረድፉ አናት በመኪና ተስተካክሎ ስለተቆረጠ አንድም ቅርንጫፍ ከሌላው በልጦ አይታይም። በመካከል በመካከሉ ረጃጅም ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በየጫፋቸው ቬንትሌተር አለ። በጸደይ ሌሊት ውርጭ ሲመጣ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፤ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ ነው። ቬንትሌተሩ የላዩን አየር ቁልቁል ወደ ቡቃያው እየገፋ ከውርጭ ያድነዋል። ለሻይ ቅጠል ይህን ያህል የሚጨነቅ ሕዝብ የሻይ ቅጠል ጠላትንም አጥብቆ ማወቁ አይቀርም ብዬ አሰብሁ። ግምቴ ግማሹን ያህል ብቻ እውነት ሆኖ ነው ያገኘሁት።

አምባው ድሮ ጠፍ ነበር። በ1868 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሾጉን የሚባሉት የቶኩጋዋ የጦር ገዢዎች አገዛዝ ወድቆ ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለስ፣ ለሾጉኑ ያደሩት ሳሙራይ የተባሉ ወታደሮች ሥራም ጌታም አጡ። በማግስቱ ዓመት ቹጆ ካገአኪ የተባለው አለቃቸው እየመራቸው ሰይፋቸውን አስቀምጠው ማኪኖሃራን ማቅናት ጀመሩ። ብዙ ሳይቆይ ሌሎች ሥራ አጦችም ተቀላቀሏቸው። ሾጉኖቹ በኦኢ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ አይፈቅዱም ነበርና መንገደኛው የሚሻገረው በሸክመኞች ትከሻ ላይ ነበር። አዲሱ መንግሥት ያንን ደንብ ሲያነሣ ሸክመኞቹ የሚሸከሙት አጡ፤ ከእነርሱም ወደ ሻይ ተከላ የመጡ ነበሩ። በ1879 ወደ አምባው ለሚመላለሱት አራሾች የተሠራው ሆራይ የተባለ የእንጨት ድልድይ ዛሬም አለ፤ ርዝመቱ 897 ሜትር ያህል ነው፣ መኪና አይሄድበትም። እኔም ተሻግሬበታለሁ፤ መከታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከፍታ የሚፈራ ሰው ባይሞክረው ይሻለዋል።

እዚህ የሚበቅለው ሻይ አብዛኛው ያቡኪታ የሚባል አንድ ዝርያ ነው። ሱጊያማ ሂኮሳቡሮ የተባለ የሺዙኦካ ሰው በ1908 መንጥሮ ካለማው የቀርከሃ ጫካ በስተሰሜን በኩል ከተከላቸው ችግኞች መርጦ ያወጣው ነው። ከዚያች አንዲት ግንድ በቅርንጫፍ እየተባዛ ከጃፓን የሻይ ማሳ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሸፈነ። ሁሉም ተክል የአንድ እናት ቅጂ ስለሆነ በአንድ ሰሞን ያቆጠቁጣል፤ በአንድ ሰሞን ይለቀማል። ለአራሹ የተመቸው ይህ ነገር ለነፍሳትም ተመችቷቸዋል።

ማሳቸውን ያሳዩን አዛውንት በጎማ ቦቲና በገለባ ባርኔጣ ነው የተቀበሉን። ጃፓንኛ ስለማልችል የአገሬ ልጅ አስተረጎመልኝ። እርሱም የእርሳቸውን ንግግር ወደ አማርኛ ሲመልስ በራሱ ጊዜ «አባባ እንዲህ ይላሉ» ማለት ጀመረ፤ ከአነጋገራቸውም ከዕድሜያቸውም ጋር ይሄዳል። አንድ ረድፍ ላይ ጎንበስ ብለው ቅጠሎቹን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሁለት ቅጠሎችም አገኙ። ቀስ ብለው ሲለያዩአቸው በመካከላቸው ነጭ የሐር ክር ተወጥሮ ታየ፤ ከክሩ ሥር አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ትል ነበረች። ብርሃን ሲነካት በፍጥነት ወደ ኋላዋ ሸሸችና ከቅጠሉ ጫፍ ወደቀች፤ መሬት ግን አልደረሰችም። በራሷ ክር ተንጠልጥላ ቀረች።

«ሐማኪ» አሉ። ቅጠል ጠቅላይ ማለት ነው። በሻይ ማሳ ውስጥ ሁለት ሐማኪዎች አሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ትልቁ በሳይንስ ስሙ ሆሞና ማግናኒማ ይባላል። እኔ ለማየት የመጣሁት ትንሿን ነው፤ አዶክሶፊየስ ሆንማይ። ስታርፍ ክንፎቿን እንደ ክዳን ጀርባዋ ላይ ትገጥማለች፤ ያኔ ርዝመቷ አንድ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ቀለሟ ብጫ ያለበት ቡኒ ሆኖ ጠቆር ያሉ አግዳሚ መስመሮች አሉባት። ወንዱ ከሴቷ ያንሳል፤ ምልክቱ ግን ይጎላል። በሺዙኦካ በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ትውልድ ትተካለች። ክረምቱን በትልነቷ ታሳልፋለች።

ችግሩ ይህን መልክ የያዘች እርሷ ብቻ አለመሆኗ ነው። በሰሜን ጃፓን የፖም ማሳ ውስጥ ያለችው፣ በአውሮፓም የፖምና የፒር ጠላት ሆና የምትታወቀው አዶክሶፊየስ ኦራና፣ በዓይን ሲያዩአት ያችው ናት። ለብዙ ዘመንም ያችው ናት ተብላ ተቆጥራለች።

ማታ አዛውንቱ ከመጋዘናቸው ደጃፍ ነጭ አንሶላ ወጥረው መብራት ሰቀሉልን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሌሊት ለእሳት እራት አዳኝ ፋሲካው ነው። አንሶላው ወዲያው ተሞላ። ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ያለ አለ። ከመካከላቸው ትንንሾቹን ቡናማዎች የአገሬ ልጅ በጠርሙስ እየከደነ ሰበሰበ። አንዷን ወደ ዓይኔ አስጠግቶ «ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?» አለኝ። ከመጽሐፍ ያየሁትን ሥዕል አስታውሼ መለስሁለት። «ከክንፏ ብቻ እኔም እምላለሁ ብዬ አልደፍርም» አለኝ። ክንፍ ያታልላል። የክንፍ ቀለም በወቅትና በጾታ ይለዋወጣል፤ የእሳት እራት ክንፍ ላይ ያለው ዱቄት የሚመስል ቅርፊት ደግሞ በረረች ቁጥር ይረግፋል። በዕድሜዋ መጨረሻ የተያዘችው ምልክቷ ተጠርጎ ልሙጥ ሆና ነው የምትገኘው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚያዩት ሌላ ቦታ ነው። በማግስቱ የአገሬ ልጅ በሚማርበት ቤተ ሙከራ አሳየኝ። የሞተችውን የእሳት እራት ሆድ ከደረቷ ለይቶ በፖታሽ ውሃ ውስጥ ያሞቀዋል። ሥጋና ስቡ ይሟሟል፤ የሚቀረው ጠንካራው ቅርፊት ነው። ያንን በቀጭን ብሩሽ አጥቦ፣ ቀለም አጠጥቶ፣ በመስታወት ላይ ዘርግቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የሚመረመረው የመራቢያ አካል ነው። በወንዱ በኩል ሴቷን የሚይዝባቸው ሁለት መቆንጠጫዎችና ከበላያቸው ያለ መንቆር መሰል ነገር አለ፤ የእያንዳንዱ ኩርባና የጠርዙ ጸጉር ሳይቀር ይለካል። የሁለት ተመሳሳይ የእሳት እራቶች ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ሥራው የሰዓት ጠጋኝን እጅ ይፈልጋል። እኔ ማይክሮስኮፑን ሳስተካክል እንኳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አዶክሶፊየስ የሚለውን የወገን ስም በ1881 ያወጣው ኤድዋርድ ሜይሪክ ነው። እንግሊዛዊ የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ያን ጊዜ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ነበረ፣ ኋላ እንግሊዝ አገር ማርልቦሮ ኮሌጅ አስተማረ። በ1938 እስኪሞት ድረስ ከአሥር ሺህ በላይ ለሆኑ ጥቃቅን የእሳት እራቶች ስም አወጣ፤ ሰው ከማስተማር ተርፎት ይህን ያህል መሥራቱ ይገርመኛል። ሜይሪክ ግን የመራቢያ አካልን ቆርጦ ማየትን አልወደደም። የክንፍ ጅማትና የውጭ መልክ ይበቃዋል ብሎ ያምን ነበር። ብዙ ሥራው እንደገና መታየት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ሜይሪክ ታላቅ ሰው ነው፤ ትውልድ ያስቸገረ ግትርም ነው።

የሻይዋ የእሳት እራት ከፖሟ መለየቷ ቀስ እያለ ነው የተገለጠው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሆንማ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ከሻይና ከፖም ማሳ የመጡትን እያረባ አነጻጸራቸው። የሻዩ ወገንና የፖሙ ወገን ተባሉ። በጽሑፍ ላይ ግን የሻዩ ወገን አንዳንዴ በፖሟ ስም፣ አንዳንዴም ዝርያው ያልታወቀ አዶክሶፊየስ እየተባለ ይጠራ ነበር። እንግዲህ ስም ያልወጣላት የእሳት እራት ሻዩን ትበላለች፤ ገበሬው መርዝ ይረጭባታል።

ልዩነቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ወንዱ የእሳት እራት ነው። ሴቷ በሌሊት የሆዷን ጫፍ ወጣ አድርጋ ፌሮሞን የሚባል ሽታ ትለቃለች። ለሰው አፍንጫ ምንም ነው። ወንዱ ግን በነፋስ የመጣለትን እየተከተለ እርሷ ጋ ይደርሳል። ታማኪና የሥራ ባልደረቦቹ በ1971 በዚህ ሽታ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች ለዩ፤ በ1979 ደግሞ ጥቂት ብቻ የሚገኙ ሌሎች ሁለት ጨመሩ። ሁለቱ ዋናዎቹ 14 ካርቦን በሰንሰለት የተያያዙባቸው አሴቴቶች ናቸው። የሚለያዩት ድርቡ ማያያዣ በአንደኛው ላይ ከ9ኛው ካርቦን፣ በሌላው ላይ ከ11ኛው ካርቦን በመነሣቱ ብቻ ነው። በሻይዋ የእሳት እራት ሽታ ውስጥ የአራቱ ድርሻ ከመቶ 63፣ 31፣ 4 እና 2 ነው። በአውሮፓ በፖሟ ሽታ ውስጥ ደግሞ ያው ሁለቱ ዋናዎቹ አሉ፤ መጠናቸው ግን ዘጠኝ እጅ ለአንድ እጅ ነው። ሁለት ባለሙያ ሴቶች ከአንድ መርካቶ አንድ ዓይነት ቅመም ገዝተው በርበሬ ቢያዘጋጁ የየቤቱ ልጅ የእናቱን በርበሬ ቀምሶ ይለያል፤ ልዩነቱ ያለው ልኬቱ ላይ ነው። ወንዱም የሚለየው በልኬቱ ነው። ሰው በማይክሮስኮፕ የሚፈልገውን ድንበር እነርሱ በየምሽቱ ያለ ስሕተት ሲጠብቁት ኖረዋል።

ኬሚስቶቹ ይህን ሲያውቁ ከመርጨት የተሻለ ዘዴ ታሰበ። ሽታውን በፋብሪካ ሠርቶ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ መሙላት፣ ቱቦዎቹንም በየሻይ ቅርንጫፉ ላይ ማሰር። ማሳው ሁሉ ሴት ሴት ሲሸት ወንዱ እውነተኛዋ ሴት የት እንዳለች ይጠፋበታል። ካልተገናኙ የለማ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ ትል የለም። ሻዩ መርዝ አይነካውም፤ ንቡና ሸረሪቱ አይሞትም። በ1983 ጃፓን ውስጥ ይህ ቱቦ ለሻይ ማሳ ተፈቅዶ ሥራ ላይ ዋለ። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ ነበር፤ ያ ከመቶ 31 የሆነው፣ ድርቡ ማያያዣ በ11ኛው ካርቦን ላይ ያለው። የተመረጠበትም ምክንያት ነበረው። ትልቁ ሐማኪም ያንኑ ንጥረ ነገር ስለሚጠቀም አንድ ቱቦ ለሁለቱም ይበቃል ተባለ። ርካሽም ቀላልም ነበር።

አዛውንቱን ስለዚያ ጊዜ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ወደ ረድፎቹ ዘርግተው በየአንዳንዱ ግንድ ላይ ሲያስሩ እንደነበር በጣታቸው አሳዩኝ። የአገሬ ልጅ አስተረጎመ፤ «አባባ እንዲህ ይላሉ፦ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። የመርጫውን መሣሪያ ተሸክሞ በሙቀት መዋል ቀረ። ኋላ ግን ቱቦው እያለ ትሉ በዛ። መጀመሪያ አሳሳሩ ላይ ነው ጥፋቱ ብለን እርስ በርሳችን ተወቃቀስን።»

ጥፋቱ አሳሳሩ ላይ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሺዙኦካ የቱቦው ኃይል መድከሙ በመስክ ጥናት ተረጋገጠ። በፌሮሞን የማደናገር ዘዴን ነፍሳት ሲለምዱት በሰነድ የተመዘገበ የመጀመሪያው ታሪክ ይህ ነው። በኋላ በቤተ ሙከራ ከእነዚያ ማሳዎች የመጡትን ለብዙ ትውልድ እየመረጡ ሲያራቡ፣ ያ የቱቦው ንጥረ ነገር ጨርሶ በሌለበት ሽታ እንኳ የሚመጡ ወንዶች ተገኙ። ማሳው በአንድ ንጥረ ነገር ሲጥለቀለቅ በእርሱ ላይ የተመኩት ወንዶች ሴት ሳያገኙ ቀሩ፤ ለእርሱ ግድ የሌላቸው ግን ሴት አግኝተው ወለዱ። ከአንድ ቅመም ብቻ ተነሥቶ ባለቤቲቱን አውቃታለሁ ማለት የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም። ቀጥሎ የመጡት ቱቦዎች ከአንድ በላይ ንጥረ ነገር ይዘው፣ የሴቷን የራሷን ሽታ ቀርበው የተዘጋጁ ናቸው።

እስካሁን ያልነገርኋችሁ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ቱቦው ተፈቅዶ፣ ተሽጦ፣ ታስሮ፣ ደክሞም ሲገኝ፣ የእሳት እራቷ ገና የራሷ ስም አልነበራትም። ያሱዳ የተባለው የጃፓን ተመራማሪ የጃፓንን አዶክሶፊየሶች በሙሉ ገምግሞ አዶክሶፊየስ ሆንማይ ብሎ የሰየማት በ1998 ነው። ስሙ ቀድሞ የሻዩንና የፖሙን ለመለየት የደከመውን ሆንማን ያስታውሳል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ሌላ ዝርያ አዶክሶፊየስ ዱቢያ አላት፤ አጠራጣሪዋ እንደማለት ነው፤ ሥራው ምን ያህል እንዳስቸገረው ከዚህ ይታወቃል። የቱቦው ፈቃድ በ1983፣ ስሟ በ1998፤ በመካከል አሥራ አምስት ዓመት።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ነገሩ አሳሰበኝ። ስም ማውጣት እኮ ቃል መምረጥ ብቻ አይደለም። አዲስ ዝርያ ሲሰየም አንዲት የእሳት እራት በመርፌ ተወግታ፣ የተያዘችበት ቦታና ቀን በትንሽ ወረቀት ተጽፎላት፣ በሙዚየም ውስጥ ለዘለዓለም ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ «የእኔ ማሳ ላይ ያለችው ይቺ ናት ወይስ ሌላ?» የሚል ሰው ሁሉ ወደዚያች አንዲት ናሙና ይመለሳል። መመለሻ ሳይኖር አንዱ የጻፈው ሽታ፣ ሌላው የለካው ትውልድ፣ ሦስተኛው የሞከረው መድኃኒት ስለ አንድ ፍጥረት ይሁን ስለ ሁለት ማን ይዳኛል? በኮሪያ የሆነው ይኸው ነው። በዚያ አገር የፍራፍሬ ማሳ ውስጥ ኦራና እየተባለች ስትጠራ የኖረችው በ2012 ስትመረመር ሌላ ሆና ተገኘች፤ ፓራኦራና የሚል ስም ወጣላት። በቀደሙት ጽሑፎች ላይ የተጻፈውን ኦራና የሚል ስም ሁሉ ዛሬ በጥርጣሬ ማንበብ ግድ ሆኗል።

የአገሬ ልጅ ይህንን ትምህርት የመረጠበት ምክንያት ወደ አገር ቤት የሚወስድ ነው። በ2017 መጀመሪያ፣ በእኛ በ2009፣ መጤው ተምች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳ ላይ ታየ። ገበሬያችን ተምችን ከጥንት ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በመንጋ መጥቶ በመንጋ የሚሄደውን የአፍሪካውን ተምች ነው። አዲሱ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። የሁለቱ ትሎች ልዩነት ለሚያውቅ ግልጽ ነው፤ መጤው በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አቅራቢያ ደግሞ በካሬ የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ለእርሱ በተዘጋጀው የፌሮሞን ወጥመድ ውስጥ በአፍሪካ ሉካኒያ ሎሬይ የተባለች ሌላ የእሳት እራትም ትገባለች። ወጥመዱን የሚቆጥረው ሰው ሁለቱን ካልለየ ያልመጣውን ወረርሽኝ መጣ ብሎ ይጽፋል፤ ወይም ገበሬው ያለ ምክንያት መርዝ እንዲገዛ ያደርጋል። «ጋሼ፣ እኔ ልማር የመጣሁት የጃፓንን ሻይ አይደለም፤ መለየትን ነው» አለኝ። ውሽውሽና ጉማሮ ላይ ሻይ የምናለማ ሕዝብ ነንና ሻዩንም ቢማር አልጠላሁም፤ ይህንኑ ነገርሁት።

ከማኪኖሃራ ስንወርድ አንድ ጉዳይ አነሣልኝ፤ ከጉዞዬ ሁሉ እርሱን አስበልጣለሁ። በደቡብ ጃፓን በካጎሺማ የሻይ ምርምር ጣቢያ ውስጥ የመብራት ወጥመድ አለ። የጣቢያው ሠራተኞች በየአምስትና ስድስት ቀኑ ወጥመዱን ከፍተው በውስጡ ያሉትን ትንንሽ ሐማኪዎች ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩን ይጽፋሉ። ይህን ለ51 ዓመታት አደረጉ። የጃፓን፣ የካናዳና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያንን ደብተር ተንትነው በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጡት። የማሳው ሙቀት በጸደይ ከፍ እያለ ሲሄድ የእሳት እራቷ ቁጥር ከመረጋጋት ወጥቶ በየትውልዱ ከፍ ዝቅ ማለት እንደሚጀምር አሳዩ፤ ወረርሽኙ በየዓመቱ ተደጋግሞ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ታወቀ። እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ ያላቸው ነፍሳት በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው።

ቆጠራው የተጀመረው ያሱዳ ስም ከማውጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ቆጣሪዎቹ ስሟን ሳያውቁ መልኳን አውቀው፣ ከሌሎቹ ለይተው፣ የቆጠራ ቀን ሳያሳልፉ ቆጠሯት። ስሙ ሲመጣ የቆየው ቁጥር ሁሉ ባለቤት አገኘ። የማን ሥራ ይበልጣል ብትሉኝ ከሜይሪክ አሥር ሺህ ስሞች ይልቅ የእነዚያ ቆጣሪዎች ደብተር ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በአገራችን የእርሻ ምርምር ጣቢያዎች፣ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ሆነ በትምህርት ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ የመብራት ወይም የፌሮሞን ወጥመድ ቆጠራ ያለበት አሮጌ ደብተር በመሳቢያችሁ ውስጥ ካለ አትጣሉት። ቀኑና ቦታው ካልተጻፈበት ሳትረሱት ጻፉበት። ከቆጠራችኋቸውም ጥቂቱን አድርቃችሁ፣ በመርፌ ወግታችሁ፣ የተያዙበትን መንደርና ቀን ከሥራቸው አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አንድ ቀን ስማቸውን የሚያወጣ ሰው ሲመጣ የሚፈልገው እነርሱን ነው።